የሰፈሩን ወገብ ያሞቀ ግድግዳ

በቅርቡ ልጄ ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መጡ። አንደኛው ሙቀት የሚያይ ካሜራ ይዟል። ወደ ቆጣሪው ሲያዞረው ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ አንዲት ሽቦ ብቻ ቢጫ ሆና በራች። "ይቺ ልትቃጠል ነው" አለ። በዓይን ስትታይ ከእህቶቿ አትለይም። አስፈቅጄ መዳፌን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና አነሳሁ። እጄ ከተነሳ በኋላም የጣቶቼ ምስል እዚያው ቀርቶ ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሠራተኞቹ የተደነቅሁ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ መርካቶ ጭድ ተራ ስንኖር፣ ይሄ ነገር የት ነበረ?

ኢንፍራሬድ የሚባለውን ያወቅሁት ከልጆቼ የሳይንስ መጽሐፍ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ፊደል ካስቆጠረኝ ወዲህ እጄ የገባ ወረቀት ሳላነብ አላልፍም። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ዓይን የማያየው ብርሃን ይረጫል፤ ቆዳችን ግን ይቀበለዋል። ከሰል ሳትነኩት ከሩቁ ፊታችሁን የሚለበልባችሁ እሱ ነው። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ የነበረኝ ጉንጬና መዳፌ ብቻ።

ባሌ የከብት ድርቆሽ ነጋዴ ነበር። አንድ ዓመት ሌሎቹን ልቅደም ብሎ ክረምቱ በቅጡ ሳይወጣ ከሱሉልታ እርጥብ ድርቆሽ አስጭኖ መጣ። ቦታ ስለሌለን ከመኝታ ቤታችን የጭቃ ግድግዳ አስጠግቶ ቆለለው፤ ላዩን በሸራ ሸፈነው። ከግድግዳው በዚህ በኩል ልጆቼ ይተኛሉ።

"አልደረቀም እኮ" ስለው፣ "እዚያው ይደርቃል" አለኝ። ታፍኖ የሚደርቅ ነገር የት አይቶ እንደሆነ እንጃ!

እርጥብ ድርቆሽ ሲታፈን ከውስጡ ይግላል፤ ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው መሞቅ ጀመረ። ወገቡን የሚያመው ባሌ ተደግፎት ዋለና "እሰይ! እግዜር ምድጃ ሰጠኝ" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲያ መኝታ ቤቴ ጠበል ሆነ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ከአልጋ አስነስቼ ለሽማግሌዎች ቦታ እለቃለሁ። ሻይ የማፈላው ደግሞ እኔው ነኝ። አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሳይቀሩ ይመጣሉ።

"ሐጂ፣ ግድግዳ በራሱ ይሞቃል እንዴ?"

"አልሐምዱሊላህ በይ ልጄ። ጉልበቴ ተፈታልኝ።"

የቀበሌው ሊቀመንበርም ሽጉጡን እንደታጠቀ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። እግዜር ያሳያችሁ፣ አቤት የምለው ለማን ነው? አንድ ቀን ደፈርኩና፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ድርቆሽ ሊነድ ነው። ይፍረስ ይበሉልኝ" አልኩት።

"ጭስ አለ?"

"የለም።"

"እሳት አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"ያላየሽውን ማውራት ውዥንብር መንዛት ነው፣ እህት። ሻዩን ጨምሪልን።"

ውዥንብር የምትለዋን ቃል በዚያ ዘመን የሰማ ያውቃታል፤ ወህኒ ታወርዳለች። ሻዩን ጨመርኩላቸው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ ከልጆቼ ራስጌ ያለው ጭቃ ከቀን ወደ ቀን ይብሳል።

አንድ ማለዳ በጓሮ ዞሬ ወጣሁ። ሸራው በጤዛ ነጭ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ግን ሰፌድ የሚያክል ደረቅ ክብ አለ። የሰፈሩ ድመቶች እዚያ ላይ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ጉንጬን አስጠጋሁ። ሳልነካው ሙቀቱ መታኝ። ሽታው ደግሞ እንደ ትምባሆ ነው። ሮጬ ባሌን ቀሰቀስኩት።

"ድመት ተኛ ብለሽ ነው የምትቀሰቅሺኝ?"

ከዚህ ሰው ጋር ክርክር በቃኝ አልኩ። ጎረቤታችን ከሚኖረው ግንበኛ ረጅም የፌሮ ብረት ለመንኩና በደረቁ ቦታ በኩል ክምሩ ሆድ ውስጥ ሰደድኩት። ባሌ እየተነጫነጨ ልብሱን ለብሶ እስኪመጣ ጠበቅሁት፤ ጫፉን በነጠላዬ ይዤ ፌሮውን መዘዝኩና ውስጥ የነበረውን በኩል ዘረጋሁለት።

"በል፣ ጨብጠው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አሁንስ አበዛሽው" ብሎ ጨበጠ።

ጩኸቱ እህል በረንዳ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ልጆቼን አቅፌ አስወጣኋቸው። ጎረቤቱ ከቦኖ ውሃ በባልዲ ተቀባበለ፤ ሐጂም ጫማቸውን ጥለው ገቡበት። ሊቀመንበሩ "ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!" ይላል፤ እሱ የደረሰበት ይመስል። ክምሩን ስንንደው ውስጡ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ነፋስ ሲያገኘው ቦግ አለ። ደግነቱ ውሃው ደረሰ። የግድግዳው ማገር በልጆቼ ራስጌ በኩል ተለብልቦ ነበር። አንድ ሌሊት ብቻ ብንጨምር... አልጨርሰውም።

የተረፈውን ድርቆሽ አውጥተን ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። አውጥተን ስል፣ እኔ ማለቴ ነው፤ ባሌ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ መንሽ መያዝ አይችልም። ጥላ ሥር ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያዘኛል።

"ቀስ በይ እንጂ!" ይለኛል። "ብናኙ ሻዬ ውስጥ ገባ።"