ጭቃ የሌለባት አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ዲላ ሊገባ ሲል አልጣሽ ወንበሩ ሥር ገባች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ በሁለት የሽንኩርት ጆንያዎች መካከል ተጋደመች። ዕድሜዋ ሃምሳ ዘጠኝ ነው። መግባቱ አልከበዳትም፤ መውጣቱ ነበር ያሳሰባት።

«አመመዎት እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ።

«ደህና ነኝ። ወናጎ ስንደርስ ንገረኝ፤ እስከዚያ እንዳላየኸኝ ሁን።»

አውቶቡሱ ቆመ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ አጠገቧ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ሻንጣዋን አንስታ ወረደች። አልጣሽ ደነገጠች። ልጅቷ ባሏ ዘንድ እንደምትሄድ ተናግራ ነበር፤ አልጣሽ ግን መጀመሪያ አዋሳ ላይ ትወርዳለች ብላ ጠብቃ ነበር፤ አዋሳ ሲደርሱ ልጅቷን እንቅልፍ ወስዷት ስታይ ደግሞ ወደ ሞያሌ ይሆናል አለች። ዲላን አላሰበችም። አስባ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ጉድ አትነግራትም ነበር።

ከውጭ የወንድ ድምፅ ተሰማ።

«ፀዳለ! እንኳን ደህና መጣሽ!»

ድምፁን ታውቀዋለች። የቡና መጋዘኑ አለቃ ወንድይፍራው ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስሟን እየጠራ ሥራ ያስገባት እሱ ነው።

አልጣሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

በመጋዘኑ ቡና ለቃሚ ሴቶች በረድፍ ይቀመጣሉ። ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ተባይ የበላውን ፍሬ እየለዩ ይጥላሉ። እጅ ሲሠራ ይውላል፤ ጆሮ ሥራ ይፈታል። አልጣሽ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር አንዲት ሴት «ከመካከላችን አዲስ አበባን ያየ አለ?» ብላ ጠየቀች። አልጣሽ «እኔ» አለች። አላየችም። ለምን እንዳለችም አታውቅም። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም።

ቡና የሚያመላልሰው ሾፌር ሸምሰዲን ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አንድ ወሬ ያመጣላታል። እሷ ሦስት አድርጋ ለረድፉ ታቀርባለች። አዲስ አበባ ጭቃ የለም። አዲስ አበባ ሰው ደረጃ አይወጣም፤ ክፍሉ ራሱ ከነሰዉ ይወጣል። ወንድይፍራው አልጣሽ በምታወራበት ረድፍ ሴቶቹ ከቦታቸው እንደማይነሡ አየ። መስኮቱ አጠገብ፣ ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ለእሷ ሰጣት።

ያ መስኮት አሁን ጌጥ አልነበረም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኗ ደክሟል። ከመስኮቱ ከራቀች ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው መለየት አትችልም። መለየት የማትችል ለቃሚ ደግሞ በሳምንቱ ትሰናበታለች። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። መስኮቱን የምትመኘው የትምወርቅ ግን ትጠረጥራለች።

ነሐሴ 1961 ዓ.ም. ወሬ መጣ። ወንድይፍራው ከአዲስ አበባ ሚስት ሊያመጣ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው፤ የምትመጣው ከመስቀል በኋላ ነው።

«እሰይ!» አለች የትምወርቅ፣ ሰፌዷን እያርገበገበች። «እንግዲህ የአልጣሽን አዲስ አበባ የሚያመሳክርልን ሰው አገኘን።»

አልጣሽም አብራ ሳቀች። በነጋታው ሀገረ ማርያም ያለችው እህቷ አሰፋች ታማለች ብላ ፈቃድ ጠየቀች። እንዲታመን ትንሽ አለቀሰች። ሀገረ ማርያም በስተ ደቡብ ነው፤ ሙሽራዋ ሳትመጣ በዓይኗ ልታያት የፈለገቻት አዲስ አበባ ግን በስተ ሰሜን። ስለዚህ ሁሉም እያያት በደቡቡ መኪና ወናጎ ድረስ ወረደች፤ እዚያው አደረች፤ በማግስቱ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍራ ዲላን ተከናንባ አለፈች። ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ይዛለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ልጅ የላትም፤ ከሻሸመኔ ወዲያ ሄዳ አታውቅም።

አዲስ አበባ እንደ ደረሰች የመጀመሪያ ሥራዋ ጫማ ማጣት ነበር። የመርካቶ ጭቃ ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው፤ እግሯን ስትነቅል ኮንጎ ጫማዋ ታች ቀረ። እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ፈለገች። አንድ ቡናማ የወንድ ጫማ አወጣች፤ የራሷን አላገኘችም። የወንዱን አድርጋ ሄደች።

ጭቃ የለም ብላ ዐሥራ ስምንት ዓመት የማለችባት ከተማ ይህች ናት።

በሁለተኛው ቀን ካየቻቸው ሁሉ ወደሚረዝመው ፎቅ ሄደች። ዘበኛው በር ላይ አስቆማት።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እናቴ?»

«ክፍሉን።»

«የቱን ክፍል?»

«የሚወጣውን።»

ዘበኛው ግራ ገባው፤ ከዚያ ገባውና ሳቀ። አሳንሰር ውስጥ አስገባት። ሸምሰዲን ይህን ወሬ የነገራት እየሳቀ ስለነበረ ከውሸቶቿ ሁሉ ይበልጥ የምታፍርበት ይህ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ተከፈተ። አልጣሽ አልወረደችም።

«መልሰኝ» አለች። መለሳት። ታች ሲደርሱ «እንደገና» አለች። በአራተኛው ዙር ዘበኛው በር የሚጠብቅ የለም ብሎ ለመናት።

ጉዳዩ በዚህ አብቅቶ ነበር። ሦስት ቀን ብላ መጥታለች፤ በሦስተኛው ቀን መመለስ ነበረባት። ነገር ግን ዲላ ውስጥ ከቤቷ ገበያ እስክትደርስ ዐሥራ አራት ሰው ሰላም ትላለች፤ ዐሥራ አራቱም «ወዴት ነሽ?» ይሏታል። እዚህ ማንም ወዴት ነሽ አላላትም። በተለያየ ጫማ ስትሄድ እንኳ ዞሮ ያያት የለም። አንድ ቀን ያለ አንዳች ጉዳይ እስከ ስድስት ኪሎ ሄዳ ተመለሰች። ፒያሳ ኬክ ቤት ገብታ ብቻዋን ሁለት ኬክ በላች። መርካቶ ጃንጥላ ገዛች። አልቤርጎ ውስጥ ስድስት ሌሊት አደረች። ነገሩን ሁሉ ያበላሸው ይህ ነው።

ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ያቺ ልጅ ጫማዋን አይታ ሳቀች። አልጣሽም «የእንሰት ቂጣ ነው» ብላ ቆጮ ቆርሳ ሰጠቻት። ልጅቷ አገላብጣ አየችው።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ባሌ ‹እናቴ እንሰት መፋቅ ትችላለች ወይ አለችኝ› ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ‹እጄ የተፈታው በእሱ ነው› ብዬ መለስኩለት። እንሰት ዛፍ ይሁን ጎመን አላውቅም።»

አልጣሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ መፋቂያውን ሳንቃ ዘንበል አድርጎ እንዴት እንደሚያስደግፉት፣ በእግር እንዴት እንደሚረግጡ፣ በቀርከሃ እንዴት እንደሚፍቁ በእጇ እያሳየች አስተማረቻት። ውለታው ተመጣጣኝ እንዲሆን የራሷንም ጉድ ነገረቻት፤ ረድፉን፣ መስኮቱን፣ ጭቃውን። አገሬ ወናጎ ነው አለቻት እንጂ ዲላን አላነሣችም። ስም አልተጠያየቁም።

አሁን ያቺ ልጅ፣ ከመስቀል በኋላ ትመጣለች የተባለችው ሙሽራ፣ ቀኗን ቀድማ ፀዳለ ሆና ዲላ ወርዳለች።

አውቶቡሱ ተነሣ። የአልጣሽ ቤት ከከተማው መውጫ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። በነጠላዋ ቀዳዳና በአውቶቡሱ በር ስንጥቅ አሾልካ አየች። ደጇ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

ማን ሞተ? ብላ አሰበች። በዚያ ቤት ከእሷ በቀር የሚሞት ሰው የለም።

ወናጎ ወርዳ ወደ ዲላ የሚመለስ መኪና ስትጠብቅ፣ ከደቡብ የመጣ የጭነት መኪና አጠገቧ ቆመ። ከጋቢናው ጥቁር የለበሰች ሴት ለመተንፈስ ያህል ወረደች፣ እያለቀሰች። እህቷ አሰፋች ናት። አሰፋች እንባዋን ስትጠርግ አልጣሽን አየቻት።

«አንቺ አልሞትሽም?»

«አንቺስ ዳንሽ?»

«ከምኑ?»

ዝርዝሩ ሲወጣ እንዲህ ነበር። አልጣሽ ባለችው ቀን ሳትመለስ ስትቀር የትምወርቅ «በቃ፣ እህቷ ሞታለች» ብላ ደመደመች። ሐዘንተኛ ባዶ ቤት አይገባም ተብሎ እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። በመንገድ ያለፈ ሾፌር ድንኳኑን አይቶ ሀገረ ማርያም ሲደርስ «አልጣሽ ቤት ለቅሶ ነው» አለ። አሰፋችም እንደ አልጣሽ አሰበች፤ በዚያ ቤት የሚሞት ሌላ ሰው የለም።

«እኔን ገድለሽ ሽርሽር ሄድሽ?»

«አልገደልኩሽም። ታማለች ነው ያልኩት።»

«በምን?»

«በሆድ።»

«የእኔ ሆድ ብረት ነው!» አሰፋች ይህ ይበልጥ ቆረቆራት። ጋቢና ውስጥ ተጨናንቀው ሲመለሱ ግን «እሺ፣ ምን አየሽ?» አለች።

«የሚወጣ ክፍል።»

«ውሸታም።»

«እውነቴን ነው!»

«ውሸታም አልኩሽ። ጃንጥላው የማን ነው?»

አልጣሽ ጃንጥላውን ዲላ ይዛ መግባት እንደማትችል ያኔ ትዝ አላት። «ያንቺ ነው» አለች።

ድንኳኑ ውስጥ የትምወርቅ የሟቿን ስም እየጠራች ደረቷን ትመታለች። «አሰፋችዬ! የደግ እናት! ያቺ ቀጭን ወገብሽ!» ስትል አሰፋች ራሷ ጃንጥላዋን ይዛ ገባች። አንዷ ለቃሚ የንፍሮውን ሰሐን ለቀቀችው።

«ቀጥዪ እንጂ» አለች አሰፋች። «አሳምረሽ ነበር።»

«ታማ ነበር፤ ዳነች» አለች አልጣሽ ከኋላ። «ለቅሶ ማን ጠራ? ንፍሮውን ለመዳኗ ብሉት።»

ከሳቁና ከእልልታው መካከል አልጣሽ ዓይኗን ስታዞር ፀዳለን አየቻት። ከአውቶቡስ እንደ ወረደች አማቷ ወደ ለቅሶው አምጥታታለች። ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ስለነበረ ምራት ለማሳየት የተሻለ ቦታ አልተገኘም። ፀዳለ መጀመሪያ የአልጣሽን ፊት፣ ቀጥሎ ቡናማውን የወንድ ጫማ አየች። ከንፈሯን ነከሰች።

የትምወርቅ ግን ሳቁ አላዘናጋትም። ጎንበስ ብላ የአልጣሽን ቀሚስ ጠርዝ ያዘች።

«የዚህ አገር አፈር ቀይ ነው። ይኼ ጥቁር ጭቃ ከየት መጣ?»

«ከእኔ ደጅ» አለች አሰፋች፣ ጃንጥላዋን ጠበቅ አድርጋ ይዛ። «የእኔ ደጅ ጥቁር ነው። መጥተሽ እዪ።»

የትምወርቅ ቀሚሱን ለቀቀችና ወደ ሙሽራዋ ዞረች። «እህቴ፣ አንቺ የዚያው ልጅ ነሽ። አልጣሽ አዲስ አበባ ጭቃ የለም ትለናለች። እውነት ነው ሐሰት?»

ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ፀዳለ አፏን ስትከፍት አማቷ ቀደመቻት።

«ተዉአት ልጄን! ጭቃ ጭቃ ትሏታላችሁ፤ እሷ እቴ ባለ ሙያ ናት። ከነገ ወዲያ እንሰት ትፍቅልኛለች። አልጣሽ፣ ከዚህ መንደር እንደ አንቺ የሚፍቅ የለም፤ እስቲ እጇን እዪና ንገሪኝ።»

ፀዳለ ቀላች። አልጣሽ ቀረብ ብላ እጇን ተቀበለች። መዳፏ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። አገላበጠችው፤ አውራ ጣቷን ጫን ጫን አደረገች፤ ጊዜ ወሰደች።

«ይኼ የፋቂ እጅ ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን የአገሩ እንሰት ይለያያል። ለመጀመሪያው ጊዜ አብሬያት እሆናለሁ።»

አማቲቱ ደስ አላት። የትምወርቅ ግን ጥያቄዋን አልረሳችም። «ጭቃውስ?»

«ጭቃ?» አለች ፀዳለ፣ አዲስ ቃል እንደ ሰማች ሁሉ። «ጭቃ ምን ይሠራል እዚያ? ዝናብ ሲያባራ ሰዎች ወጥተው መንገዱን በጨርቅ ይወለውሉታል። ያልተወለወለ መንገድ ላይ የሚሄድ የለም።»

ሴቶቹ በአድናቆት ከንፈራቸውን መጠጡ። አልጣሽም መጠጠች። ጨርቁን በዐሥራ ስምንት ዓመት አላሰበችውም ነበር፤ ልጅቷ ትበልጣታለች።

በጌዴኦ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም። ወንድይፍራው የሚስቱን እጅ ሥራ ላይ አይቶት አያውቅም። እናቱ ጉልበቷን ስላመማት ከእንሰቱ ጓሮ መድረስ ካቆመች ቆይታለች። አልጣሽ እስከ 1967 ዓ.ም. መስኮቱ አጠገብ ቡና ለቀመች። እንሰቱን የፋቀችውም አልጣሽ ነበረች።