የዘይቱና እንስራዎች

ሌላው ከዓረብ አገር ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ሲገባ ጎረቤቴ ዘይቱና በ2011 ከኩዌት የተመለሰችው በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ቁራጭ ግንድ ይዛ ነው። ማዳሟ በመስታወት ቤት ውስጥ ታሳድገው የነበረ ተክል ነው አለች። ከቅጠሉ ጫፍ ክዳን ያላት ትንሽ እንስራ ትንጠለጠላለች፤ ዝንብ ሊጠጣ ይገባል፣ አይወጣም፣ ተክሉ ይበላዋል።

እኛ በሳቅ ፈረስን። እናቷ እማ ሙጂባ ግን «አዑዙ ቢላህ! ሥጋ የሚበላ ቅጠል እቤቴ?» ብለው ከጓሮ አላሳለፉትም።

ዘይቱና ግንዱን ሁለት ሁለት ቅጠል እያስቀረች ቆራረጠችው። ከድንጋይ ላይ በላጠችው አረንጓዴ ሽበት ውስጥ ተከለችና በፌስታል ሸፈነችው። የምታጠጣው የዝናብ ውሃ ነው፤ የከተማችንን ሐይቅ ውሃ አይወድም ትላለች። ታናሽ ወንድሟ ሙንተሲር ሥር መያዙን ለማየት አንዱን ቢነቅለው ጮኸችበት፦ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሁለት ወር አትንካው አላልኩህም?» በሦስተኛው ዓመት ተክሎቹ ሃያ ደረሱ። ሙንተሲርም ከሷ ብሶ ዝንብ እያደነ ያጎርሳቸው ጀመር።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ሙንተሲር ከሚሊሻው ጋር ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣ። ሁለት ቀን ተተኮሰ። በሦስተኛው ጸጥ አለ፤ ከተማው በሌላ እጅ ገባ፤ ወደ ኮረብታው መውጣትም ተከለከለ። እማ ሙጂባ «ወደ ኮምቦልቻ አምልጧል፣ ልቤ ነግሮኛል» አሉ። ዘይቱና «ኢንሻአላህ» አለች። እኔም አልኩ፤ ግን ፈርቼ ነበር።

በሳምንቱ ነፋሱ ከኮረብታው በኩል ሲነፍስ ዝንብ መጣ። እንዲያ ያለ ዝንብ በዕድሜዬ አላየሁም። በሳምንት ሦስት አራት ይይዙ የነበሩት እንስራዎች በአንድ ጠዋት እስከ አፋቸው ሞልተው ሸተቱ። እዚያ ላይ ስንቱ ሳይቀበር እንደቀረ ሁላችንም ገባን።

ዘይቱና እንስራዎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጠች። ዝንቡን ነጭ ጨርቅ ላይ ገለበጠችና ጓሮ ጉድጓድ መቆፈር ያዘች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«እሱ ካለበት የመጣ ነው። መድፋት አልቻልኩም። እማ እንዳትሰማ።»

አፈሩን ስትመልስ እማ ሙጂባ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ምን እንደምትቀብር አልጠየቋትም።

«ወደ ቂብላ ነው የቆፈርሽው?» አሉ።

አልነበረም። ዘይቱና ጉድጓዱን ወደ መካ አዙራ እንደገና ቆፈረች።