በምርቃት የተራዘመ ምርጫ

ባለቤቴ የከተማ ምክር ቤት አባል ናት። የምንኖረው ከነቀምቴ ወጣ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ነው። ሰፈሩ ለምኖ ነው ምክር ቤት ያስገባት። እሷም የሥራ ዘመኗ ሲያልቅ ወንበሩን ለተተኪ አስረክባ አባቷ ወዳሉበት ወደ አርጆ ልትገባ ቃል ሰጥታቸዋለች። ሰውየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን ናቸው፤ እኛ ጋ ይምጡ ብንል ከቤታቸው ንቅንቅ አይሉም። በየእሑዱ ይደውሉና "ምርጫው መቼ ነው?" ይላሉ። በአርጆ እንደሳቸው ምርጫ የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ የአካባቢ ምርጫውን ቀን ለመቀየር የከተማው ቻርተር ይሻሻላል ተባለና ነዋሪውም እንዲታዘብ ተጠራ። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ኦሮምኛዬ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል፣ ለአንቀጽና ንኡስ አንቀጽ ግን አይደርስም። ኋላ ተቀምጬ አጠገቤ ያለውን ሰው "ምን አሉ?" ስለው "ይራዘማል" ይለኛል።

"እስከ መቼ?"

"ወደፊት ይገለጻል።"

ቀን ለመቀየር ተሰብስበን አዲሱ ቀን የለም! ቋንቋው ነው የጠፋኝ ብዬ ነበር፤ ለካ እሱም አልገባውም።

ሚስቴ ልትቃወም ነበር የመጣችው። ጠዋት ቀሚሷን ስትተኩስ እንኳ የምትናገረውን ታነበንብ ነበር።

ሰብሳቢው ተነስቶ "የምትደግፉ አባላት እጃችሁን አንሱ" ሲል፣ ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስብሰባው ያለቀ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉና መመረቅ ጀመሩ። እዚህ አገር ስብሰባ ያለ ሽማግሌ ምርቃት አይበተንም፤ የሚመርቅ ሽማግሌም አይቋረጥም። አዳራሹ በሙሉ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ።

"ዝናቡ በወቅቱ ይዝነብ!"

"ሃ ታኡ!" አልን፣ ይሁን ማለታችን ነው።

"የተለያየው ይገናኝ!"

"ሃ ታኡ!"

እኔም ዘረጋሁ፣ ሚስቴም ዘረጋች። ሽማግሌው እንደተቀመጡ ሰብሳቢው "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

መንገድ ላይ "ደገፍሽ ወይስ ተመረቅሽ?" አልኳት።

"እጄን የዘረጋሁት ለምርቃቱ ነው።"

"ታዲያ አትናገሪም ነበር?"

"ምርቃቱን አልቀበልም ልበል? ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ሽማግሌው አባቴን ያህላሉ።"

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሰብሳቢው አጭበርብሮን ይሁን እሱም ግራ ገብቶት እስካሁን አልለየልኝም።

እሑድ አባቷ ደወሉ። መቼ ሆነ አሏት።

"ተራዘመ፣ አባ።"

"ማነው ያራዘመው?"

ሚስቴ እኔን አየችኝ። "እኛው ነን" አለችና ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። አማቴ ከእኔ ጋር ሲሆኑ በአማርኛ ነው የሚያወሩት። "ደህና ነዎት?" አልኳቸው።

"አለሁ፣ ሶዳ" አሉኝ፤ አማች ሲጠሩ እንዲህ ነው። "አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ። የእናንተን ዘመን እናንተ እጃችሁን አንስታችሁ አራዘማችሁ። የእኔን ማን ያራዝምልኛል?"