በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት

በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ዳር የሚሠሩ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዚፕ የሚያስቀይረውም፣ ሱሪ የሚያሳጥረውም እሳቸው ዘንድ ስለሚሄድ የሰፈሩ ሰው «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። ጎብኚዎች ቀኑን ሙሉ በደጃፋቸው ሲተላለፉ ይውላሉ፤ የእትዬ መርፌ ዓይን ግን ከስፌት መኪናው አይነሳም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ አስጎብኚ ሦስት እንግዶች አስከትሎ መጣና ወፍራም የጉዞ መጽሐፍ ገልጦ አሳያቸው። ፎቶው ላይ አንዲት ሴት ሰማያዊ በር ተደግፋ፣ ክር በጥርሷ ነክሳ ትስቃለች።

«እርስዎ ነዎት አይደል?» አለ።

መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። አፍንጫው የራሳቸው ነው፤ አገጩም እንደዚያው። ልብሱ ግን ቢጫ ነው፤ እሳቸው ቢጫ ለብሰው አያውቁም። በራቸውም ቡናማ ነው።

«እኔ እንጃ» አሉ።

እንግዶቹ ግን ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ደግሞ ሌሎች መጡ። አስጎብኚው ገጹን በቀለም አባዝቶ ለእትዬ መርፌ ሰጣቸው።

ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ገና ከሩቅ አይተው፣ «ምን ጥያቄ አለው? አንቺ ነሽ። ሠላሳ ዓመት ያየሁት ፊት ይጠፋኛል?» አሉ።

ልጃቸው ግን ወረቀቱን መስኮት ዳር ወስዳ ብዙ አየችው። «እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። አንቺ እንዲህ ስቀሽ አታውቂም።»

ይህች ቃል ሆዳቸው ገባች። ሌላውን ሁሉ ትተው እሷኑ ሲያብሰለስሉ ሰነበቱ።

እሑድ ሱቃቸውን ዘግተው በሩን ፍለጋ ወጡ። ተወልደው ያደጉበት ከተማ ቢሆንም፣ እግራቸው የሚያውቀው ከቤት እስከ ገበያ ያለውን መንገድ ብቻ ነበር። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ሲሉ መግቢያ መውጫው ጠፋባቸው። አራት ሰማያዊ በር አገኙ፤ አንዱም የፎቶውን አይመስልም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አናጢ ደጃፋቸው ላይ ጣውላ ሲልጉ አዩና ወረቀቱን ዘረጉላቸው።

«አባባ፣ ይሄን በር ያውቁታል?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ያደለ ጊዜ የከተማው በር ሁሉ ሰማያዊ ነበር። ያንቺም ጭምር፤ ማጠፊያውን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ያኔ እኔ ሳቂታ ነበርኩ?»

አናጢው ፎቶውንም እሳቸውንም አየት አየት አደረጉ። «እናትሽ ሳቂታ ነበሩ። አንቺን ግን እንጃ፣ ልጄ።»

እናታቸው ደግሞ መርፌና ክር ይዘው አያውቁም።

ቤት ሲደርሱ በመቀስ ጫፍ በራቸውን ፋቁት። ከቡናማው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር አንድ የደበዘዘ ነገር ወጣ። «ይኸው ሰማያዊ» አሉ ባለቤታቸው። «ግራጫ ነው» አለች ልጃቸው። እሳቸው ቀረብ ብለው ሲያዩት ሰማያዊ፣ ራቅ ሲሉ ግራጫ ሆነባቸው።

ጎብኚዎቹ ዛሬም ይመጣሉ። እትዬ መርፌ ሲጠየቁ አንዳንድ ቀን «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ አንዳንድ ቀን «እናቴ ናት» ይላሉ። ሁለቱንም የሚሉት ከልባቸው ነው።