የቱ ይበልጣል?

አሶሳ ለመምህርነት ስሠለጥን ከሁሉም የወደድኩት የልጆች እድገት የሚባለውን ትምህርት ነበር። ልጅ ትንሽ ትልቅ ሰው አይደለም፣ በየደረጃው የራሱ አስተሳሰብ አለው ይላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ይሄን ለማወቅ ነው ከተማ የገባኸው?» አለችኝ፤ በበርታ ቋንቋ፣ ሌላ ስለማትችል።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። ልጆቻችሁ በገዛ ቋንቋቸው ይማራሉ ሲሉን በየስብሰባው መዳፋችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። መጽሐፉ ግን አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለተግባር ልምምድ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ግድግዳው ቀርከሃ የሆነ ትምህርት ቤት ደረሰኝ። አንደኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቃ እዚያው የምትደግም አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ገና ስደርስ በሩ ላይ ጠብቆ በቋንቋችን ነገረኝ፤ ዘንድሮም ከወደቀች ያስወጣታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽላውን ከዝንጀሮ የሚጠብቅለት አጥቶ ነው።

የልምምዱ ዋና ሥራ አንድ ልጅ መርጦ፣ ፈትኖ፣ የደረሰበትን የእድገት ደረጃ መጻፍ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ያንን አይቶ ልጁን ሊያሳልፍ ይችላል። እሷን መረጥኩ። ሊገመግመኝ የመጣው የዚሁ ትምህርት አስተማሪያችን ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ወባ ያመነመነው ሰው ነው፤ ከኋላ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ፈተናው ቀላል ነው። በሁለት የሻይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ትቀዳለህ፤ አንዱን በልጅቷ ፊት ቀጭን ረጅም ጠርሙስ ውስጥ ትገለብጣለህ። ገና ያልደረሰ ልጅ ቁመቱ ያታልለውና ጠርሙሱን ያሳይሃል፤ የደረሰው እኩል ናቸው ይላል።

«የቱ ይበልጣል?» አልኳት በአማርኛ።

«የቱ ይበልጣል!» አለች ጮክ ብላ።

ክፍሉ በሙሉ ተቀበላት፤ «የቱ ይበልጣል!»

እዚያ ትምህርት ማለት ይኸው ነበር። መምህሩ ይላል፣ ልጆቹ ይደግማሉ፤ አጥርቶ የደገመ ጎበዝ ነው። ልጅቷ የለመደችውን በሚገባ አደረገች። በቋንቋችን ስጠይቃት ጅል እንዳየ ሰው አየችኝ። ተነሥታ የጠርሙሱን ውሃ ወደ ብርጭቆው መለሰችው። «ያው ነው፤ ምን ጨመርክበት?» አለች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

አስተማሪያችን ግን ወደ ውጭ ጠራኝ።

«አየህ ወንድሜ፣ እንደገባት እኔም አይቻለሁ» አለኝ። «ግን መጽሐፉም ፈተናውም በአማርኛ ነው። ዛሬ አለፈች ብዬ ብፈርም ሁለተኛ ክፍል ገብታ ምን ትሠራለች?»

«መምህር፣ ደረጃው የአእምሮ ነው ብለውን አልነበረም?»

«ብያለሁ» አለና የግምገማ ወረቀቱን አጠፈ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ተወው።»

እርር አልኩ። ይበልጥ ያሳረረኝ ግን ሰውዬው ጨካኝ አለመሆኑ ነበር፤ ጨካኝ ቢሆን እሰድበውና ይወጣልኝ ነበር። ግምገማው «ገና አልደረሰችም» ብሎ አለቀ።

ትምህርት ሲዘጋ አባቷ መጣና አስተማሪያችን ፊት ቆመ። በሚችላት አማርኛ «አንተ ልጅ ጎበዝ አይደለም ካልክ፣ ኻላስ፣ አለቀ» አለው። «እርሻ ስራ ብዙ ነው።»

በቋንቋችን አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሣት ለመንኩት።

«በሚመጣው ዓመት አንተ ነህ የምታስተምራት?» አለኝ።

የት እንደምመደብ አላውቅም ነበር። ይህንኑ ስነግረው እጇን ይዞ ሄደ።

በመመረቂያ ፈተናችን የልጆችን የእድገት ደረጃዎች አብራሩ የሚል ጥያቄ ወጣ። አስተማሪያችን ያጻፈንን አማርኛ ቃል በቃል ሸምድጄ ነበርና እንዳለ ገለበጥኩት። አንደኛ ወጣሁ።

ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን ወደ ቤት ስመለስ የገበያው መንገድ ላይ አገኘኋት። ማሽላ ተሸክማለች፤ ሸክሙ አንገቷን አስቀርቅሯታል። እንዳየችኝ ፊቷ በራ። በመምህር ቋንቋ ሰላምታ ልትሰጠኝ ፈልጋ፣ ጮክ ብላ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት፣ «የቱ ይበልጣል!» አለችኝ።

«የቱ ይበልጣል» ብዬ መለስኩላት።