አጭር ምስማር

አናጺው ቀኝ እጁን ያጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የመጋዙን ሞተር አጥፍቶ ሳጋቱራውን ሲጠርግ ምላጩ ገና አልቆመም ነበርና ከአንጓው ላይ ቆረጠው። ሦስት ሳምንት ከሞት ጋር ግብግብ ገጥሞ ተረፈ። ነፍስ ሲዘራ እናቱን መጀመሪያ የጠየቃት ይህንኑ ነበር።

«እጄስ?»

«በሻሼ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከምሥራቁ አጥር ሥር አስቀመጥኩት።»

«በቁሜ ቀበርሽኝ በይኛ!»

«አፍህን ያዝ! ማን ቀበረ? ለመሬት አደራ ሰጠሁት እንጂ። መሬት አደራ በላ አይደለችም፤ በትንሣኤ ቀን ጌታዋ ሲጠይቃት አንድ ጣት ሳታጎድል ትመልስልሃለች።»

ያን ጊዜ የእናት ማባበያ መስሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ግራ እጁን መዶሻ ለማስለመድ ሁለት ዓመት ፈጀበት። በወስፌ ይበሳል፣ ምስማሩን ይተክላል፣ ከዚያ መዶሻውን ያነሣል። እንዲህ እያለ በር ሠራ፣ አልጋ ሠራ፣ ጎጆ ወጣ። የእናቱም ቃል ሳይታወቀው ሥራው ውስጥ ገባ፤ የሬሳ ሳጥን ክዳን የሚመታው በአጭር ምስማር ብቻ ሆነ። ቋጣሪ ነው ብለው ያሙት ነበር። ሚስቱ ግን ምክንያቱን ስለምታውቅ ትቀልድበታለች።

«ሁለተኛው እጅህ የተመለሰልህ ቀን ሰሃን ላለማጠብ ምን ሰበብ ታመጣ ይሆን?»

«ያኔ ሰሃን የሚቆሽሽ ከሆነ እንነጋገራለን» ይላታል።

አንድ ቀን የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ የሰባት ዓመት ልጅ ሞተች። አናጺው ሳጥኑን ሠርቶ ወሰደ። ክዳኑ ሊዘጋ ሲል እናትየው ሳጥኑ ላይ ተደፋች። ቄሱ ቢለምኗት፣ ወንድሟ ቢቆጣት፣ ወይ ፍንክች!

«አይዘጋባትም! ጨለማ ትፈራለች!»

አናጺው አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ምስማር መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እስቲ እዪው ልጄ። ይሄ ይይዛል?»

«ይቺማ ምን ትይዛለች፣ አባባ።»

«ሆን ብዬ ነው። የተነሣች ቀን እንዳያስቸግራት።»

ልብስ ሰፊዋ ምስማሩን በጣቶቿ መሃል ስታገላብጥ ቆየች።

«ልብስ ስለካ ለጊዜው እንደምይዘው ስፌት ነው? ሲስቡት እንደሚወጣው?»

«እንደሱ ነው። አደራ ነው የምንሰጣት።»

ክዳኑን ራሷ አወረደችው። የዚያን ቀን ወስፌ አላስፈለገም፤ ምስማሩን እሷ ያዘችለት፣ እሱ በግራው መታ።

አሁን ሰማንያ አልፎታል። ከምሥራቁ አጥር ሥር የማረፊያ ቦታውን መርጧል። በሕይወትህ ትልቁ ነገር ምን ነበር ሲሉት በቀኝ ክንዱ ጉማጅ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ ይስቃል።

«እናቴ ‹ቀበርኩት› አለማለቷ። በዚያች ቃል ይኸው ስድሳ ዓመት ኖርኩ። ግራዬን ሥራ አላስፈታኋትም፤ ሲገናኙ ለቀኜ የምታወራው አላት። እናንተ ብቻ አደራ፣ ምስማሩ አጭር ይሁን።»