የውሸት ጸብ በጨፋ ሮቢት

ማክሰኞ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ አውቶቡስ ተራ

ምን ቅብጥ አድርጎኝ እሺ እንዳልኩ እንጃ። ጡረታ ስወጣ ደስ ያለኝ ማለዳ መነሳት ቀረልኝ ብዬ ነበር። ይኸው ዛሬ በጨለማ፣ ሻንጣዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው ብቻ» እያለ ጆሮዬ ላይ የሚጮህ ረዳት ፊት ቆሜያለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚለው ውሸቱን ነው፤ አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው።

ጥፋቱ የጀማል ነው። ጀማል ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ከሚሴ ያስተምራል። «ቲቸር፣ የአንባቢዎች ማኅበር አቋቁመናል፤ ስለዚያ ልብ ወለድ መጥተው ይንገሩን» ብሎ ደወለልኝ። «ያ ልብ ወለድ» የሚለው ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ጉልበታቸውን ስለሚሸጡ ሰዎች የተጻፈ የቆየ የፈረንጅ መጽሐፍ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ላይ «ጓደኝነትና ብቸኝነት» ብዬ እየጻፍኩ አስተማርኩት። አጨዳ ግን በመኪና መስኮት ካልሆነ አይቼ አላውቅም። እንደናፈቅኩት ቢነግረኝ ልቤ ቀለጠና እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ደብረ ሲና

እስከዚህ ድረስ መስኮት መክፈት ክልክል ነበር። የከለከለው መንግሥት አይደለም፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ናቸው። «ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል» ይላሉ። ላቡ፣ የብርቱካን ልጣጩ፣ የሕፃኑ ትውከት ተደባልቆ ያፍነናል፣ ንፋስ ግን አይነካንም። እኔ ስከፍት እሳቸው ሲዘጉ ጣርማ በር ደረስን። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሾፌሩን «ኧረ ወንድሜ ቀስ በል» አልኩት። «እናቴ፣ ይኸን መንገድ ተኝቼም እነዳዋለሁ» አለኝ። እኔም የፈራሁት ይኸንኑ ነበር።

ደብረ ሲና ላይ «ቁርስ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ» አለንና ራሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፋ። ለሰው ሁሉ በብር የሚሰፈረውን ቆሎ ለኔ በሁለት ብር ሸጡልኝ። አዲስ አበቤነቴ ግንባሬ ላይ ተጽፏል መሰለኝ።

ስንነሳ ሁለት ሰዎች ተሳፈሩ። የመንዝ ባና ደርበዋል፣ ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለዋል። ኋላ ወንበር ላይ አንዱ በግራዬ፣ አንዱ በቀኜ ተቀመጡ። ወዲያው ወሬያቸውን በኔ ላይ አሻግረው ጀመሩ።

«ለምን ጎን ለጎን አትሆኑም? ልልቀቅላችሁ» አልኩ።

«አይሆንም እትዬ፤ ተጣልተናል» አለኝ የግራዬ፣ ቆሎውን በጭኔ ላይ አሳልፎ ለቀኜ እየዘገነለት።

የግራዬ ደምሴ ይባላል፤ አፉ አያርፍም። የቀኜ ሸዋንግዛው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ አንገቱን ደፍቶ የሚስቅ። ሁለቱም አርባን ዘለዋል። በየዓመቱ በአጨዳ ጊዜ ከደጋ ወደ ጨፋ ይወርዳሉ። ሸዋንግዛው ዳፍንት አለበት። ቀን እንደማንኛችንም ያያል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዓይኑ ይከደናል፤ እስኪነጋ ድረስ ደምሴ እጁን ይዞ ይመራዋል።

«ጉበት ብላ» አልኩት። አዋቂ ነኛ።

«እትዬ፣ በኔ ዓይን የተነሳ መንዝ ውስጥ ጉበት ያለው በግ አልተረፈም» አለኝ። ለካ አባቱም እንዲሁ ነበሩ።

አምና ለየብቻ ተቀጠሩ። አንድ ማታ ሸዋንግዛው ማሳው ውስጥ መሸበት፤ እንዳያባርሩት ፈርቶ ሰው አልተጣራም። ደምሴ ሲነጋ መጥቶ የመስኖ ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ሳንባውን ታመመ። «ዘንድሮ አንድ ማሳ ላይ ካልተቀጠርን እሱን ይዤው እመለሳለሁ፤ ከተመለስን ደግሞ ክረምቱን የምንበላው የለንም» አለኝ ደምሴ።

«ታዲያ አብረን ቅጠሩን በሏቸው።»

«ገበሬው ባልንጀራሞችን አንድ ላይ አያሰማራም፤ ወሬ ያበዛሉ ይላል። የተኳረፉ ሰዎች ግን በእልህ ይሽቀዳደማሉ። እኛ የተጣላን ከመሰልነው ጎን ለጎን ያሰልፈናል።»

«ይኸን ማን ነገራችሁ?»

«እኔ ነኝ ያሰብኩት» አለ ደምሴ፣ ደስ ብሎት።

ተማሪዬ ቢሆን ዜሮ ነበር የምሰጠው። አልኩትም። ሸዋንግዛው ብቻ ፈገግ አለ። ጨፋ ሮቢት ሲደርሱ አንዱ በፊት በር፣ አንዱ በኋላ በር ወረደ። እስከ ዳገቱ ድረስ ሳይተያዩ ሲሄዱ አየኋቸው።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ከሚሴ

ከሚሴ ሙቀቷ እንደ ምድጃ ነው። ባጃጆቹ እግሬ ላይ ካልወጣን ይላሉ። የጀማል ስልክ አይሠራም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ስበሽቅ በመጨረሻ እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር፣ አፊያ ነዎት? መንገዱ እንዴት ነበር? ወላሂ ኔትዎርክ የለም።»

«መንገዱን ተወው። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?»

አንገቱን አከከ። «ሰው የለም ቲቸር። አጨዳ ነው፤ ሁሉም እርሻ ወርዷል። ኢንሻአላህ አጨዳው ሲያልቅ…»

«አጨዳ በኅዳር እንደሚሆን አታውቅም ነበር?»

«እንኳን እኔ ሕፃኑም ያውቃል» አለኝ፣ በየዋህነት።

ግን ምን ይደረጋል። ቤታቸው ወሰደኝ፤ እናቱ «አከም ጅርቱ፣ ነጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቁ ሁለት እጄን ይዘው አለቅም አሉ። ዶሮ አርደው ነበር፤ «ሥጋው የእስላም ነው፣ ላንቺ ሽሮ ሠራን» ብለው ሽሮውን ለኔ፣ የዶሮውን ሽታ ለሁላችንም አቀረቡ። ሽሮውስ ጥሩ ነበር። አባቱ አያ ሐሰን ጨፋ ሮቢት እርሻ አላቸው። «ነገ አጫጅ ይቀጥራሉ፤ ከርስዎ ጋር ወርደን እናያለን፣ መጽሐፉም እኮ ስለዚሁ ነው» አለኝ ጀማል። አስተማሪውን ማጽናናት ይዟል እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ገበያ

ገበያው በሽርጥና በሻሽ ቀለም ተሞልቷል። የማሽላ ጆንያ፣ የጤፍ ጆንያ፣ ፍየል፣ በሬ፣ አቧራ። ሸለቆው ወርዶ እስከ ቦርከና ድረስ ቢጫ ነው። አጫጆቹ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ገበሬው እየዞረ እጃቸውን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ደምሴና ሸዋንግዛው ከዛፉ ወዲያና ወዲህ ጀርባ ተሰጣጥተዋል።

አያ ሐሰን ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ሸዋንግዛውን አይተው ወደዱት። ወደ ደምሴ ሲዞሩ፣ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማው፣ «ከዚያ ሰውዬ ጋር እንዳያጎራብቱኝ፤ ዓይኑን ማየት አልፈልግም» አለ። ከዚያ የእልኸኛ ፊት አሳየ። ጠላ የጎመዘዘው ሰው ፊት ነበር የሚመስለው።

አያ ሐሰን ቆሙ። «ተኳርፋችኋል?»

«አዎ አባ። ሦስት ዓመታችን።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ሽማግሌው። ሌላው ገበሬ ሁሉ ዞር ብሎ አየ። «ቂም የያዘ ሰው ማጭዱን እህሌ ላይ አያሳርፍም። አውድማ ዱዓ የሚደረግበት ነው፤ እኛ እንኳ ጫማችንን አውልቀን ነው የምንገባው። ቂም ሲገባ በረካው ይወጣል።»

ደምሴን ሊያነጋግር የመጣ አንድ ገበሬም እጁን ሰብስቦ ራቀ። የደጋ ሰው የቆላ ልማድ ሳይጠይቅ ሲወርድ እንዲህ ነው።

«ኧረ አባ፣ ቀላል ነገር ነው፤ ታርቀናል» አለ ደምሴ።

«መቼ?»

«አሁን።»

«የሦስት ዓመት ቂም በአንድ ትንፋሽ አይወጣም። ተቀመጡ።»

ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ። የጫት እሽግ ተፈታ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ከበበ። እኔም «እንግዳ ነች፣ ለማንም አታዳላም» ተብዬ መሐል አስቀመጡኝ። እውነቱን ብናገር ውሸታሞች ናቸው ተብለው ይባረራሉ፤ ዝም ብል ደግሞ የሌለ ጸብ ሊታረቅ ነው።

«አንቺ የልጄ አስተማሪ፣ አብረሻቸው መጣሽ አሉ። መንገድ ላይ እንዴት ነበሩ?» አሉኝ አያ ሐሰን።

«ቆሎ ሲቀባበሉ አይቻለሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፤ ዕርቅ ይፈልጋሉ ማለት ነው። በል አንተ፣ ምን በደለህ?»

ደምሴ ጭንቅላቱን እያከከ ሰማይ ምድሩን አየ። «ያንኮራፋል» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ ሐሰን አልሳቁም። «እዚህ የተቀመጥነው ለእውነት ነው። አንተስ?»

ሸዋንግዛው አንገቱን ከደፋበት ቀና አደረገ።

«እኔ እውነተኛ ቂም አለኝ» አለ። ደምሴ ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን ሲያይ ተወው። «ፀሐይ ስትጠልቅ እኔ ዕውር ነኝ። ከጉብዝናችን ጀምሮ የሚመራኝ እሱ ነው። ሊያገባት የነበረች ሴት ነበረችው። አገሯ ሩቅ ነው፤ እኔን ማን ይመራኛል ብሎ ቀረ። ቤት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ምን እሆነዋለሁ? ማታ ማታ እጁን ስይዝ የሰረቅኩትን ዕቃ የያዝኩ ይመስለኛል። ሂድ ብለው አይሄድም። ቂሜ ይኸ ነው።»

ደምሴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ምን ይሁንልህ ታዲያ?» አሉ አያ ሐሰን፣ ድምፃቸው ለስልሶ።

«ማታ ከማሳ የሚመልሰኝ ሰው ካለ፣ ቀን የሁለት ሰው አጭድልዎታለሁ። እኔን ያስቀሩኝ። እሱን ይመልሱልኝ፣ ሄዶ ያግባ።»

«ቤቴ ሰው ሞልቷል፤ የሚመራህ አይጠፋም። አጨዳው ቢያልቅም የምትሠራው ሞልቷል፤ እስከፈለግክ ተቀመጥ» አሉት። ወደ ደምሴ ዞሩ። «አንተስ፣ ትቀበላለህ?»

ደምሴ አፉን ከፈተ። ሸዋንግዛውን አየው። «እሺ» አለ።

እጃችን ሁሉ ለዱዓ ተዘረጋ። ትዳሩን ያቅናለት፣ አሚን። ልጅ ይስጠው፣ አሚን። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እኔም፣ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ የዋልኩት ሴትዮ፣ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ። «ቲቸር፣ ልብ ወለድ አይመስልም?» አለኝ ጀማል። ልብ ወለድ ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ከሰዓት፣ ወደ አዲስ አበባ

የከሚሴ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተነሳን። ጨፋ ሮቢት ላይ ደምሴ ማጭዱን ይዞ ብቻውን ተሳፈረ። ያን የሚያህል ለፍላፊ «ደህና ዋሉ» ብሎኝ ዝም አለ።

«እንግዲህ ሠርጉ መቼ ነው?» አልኩት፣ ላጫውተው ብዬ።

«ሴትየዋ ካገባች ስንት ዘመኗ እትዬ። ወልዳ ከብዳለች።»

«ምን? መቼ?»

«ያኔውኑ። መጀመሪያም እኔን እንቢ ብላኝ ነው። ወሬ ታበዛለህ አለችኝ።» ማጭዱን ከአንዱ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረ። «አፍሬ ነበር። ሸዋንግዛው ለኔ ብለህ ቀረህ እንዴ ሲለኝ ዝም አልኩት። ዝም እንዳልኩ ዓመቱ ሄደ።»

ደሜ ፈላ። «ትናንትስ? ያን ጊዜ አፍ አልነበረህም?»

«ፊቱን አላዩትም? ትዳር ሰጠሁት ብሎ ቀና ብሎ ተቀምጦ። እንዲያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌው መርቀው፣ አገር አሚን ብሎ፣ ውሸት ነው ልበል?»

«አሁን አገርህ ስትገባ ማን ይጠብቅሃል?»

«ማንም።»

«ማታ ማታስ ምን ልትሠራ ነው?»

«እኔ እንጃ እትዬ» አለ። «የማታ ሥራዬ እሱ ነበር።»

ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ሁሉ ተናደብኝ። ዓይኑ የሚያየው ሰውዬ ነው ለካ የሚመራው የጠፋበት፤ ያኛውማ ማታ በቤተሰብ ተከቦ ያድራል። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ሲል ብቻውን ሊቀር ነው፤ እንዲህ ያለ ጅል ደግነት የት ይገኛል?

«ሂድና እውነቱን ንገረው። ውርደቱም የራስህ ነው፣ አትሞትም። ባንተ የተነሳ የቀረችብኝ ሴት የለችም፣ የቀረሁት ላንተ ብዬ አይደለም በለው። ከዚያ ሂድ ካለህ ትሄዳለህ።»

«አያ ሐሰን ዋሽተሃል ብለው ቢያባርሩኝስ?»

«ዋሽተሃላ። ያባርሩህ።»

ካራቆሬ ልንደርስ ጥቂት ቀርቶናል። እሱ እስኪወስን ብጠብቅ ደብረ ሲና እንገባለን።

«ወራጅ አለ» ብዬ ጮህኩ።

ሾፌሩ እየተራገመ አቆመ። ረዳቱ «እስከ ደብረ ሲና ከፍሏል፣ ሒሳብ አልመልስም» አለ። ደምሴ ሒሳብ አልጠየቀም፤ እኔንም ደህና ይሁኑ አላለኝ። የአራት ሰው ጉልበት ተሻግሮ ወረደ። አስፋልቱ ዳር ቆሞ መጀመሪያ ያየው መንገዱን አይደለም፤ ወደ ምዕራብ ዞሮ ፀሐይቱን አየ። ከዚያ ማጭዱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ጨፋ ሮቢት መሮጥ ጀመረ።